ጅዳ ያለችው እህቴና ያልገባሁበት ክፍል

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ወልድያ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም የጎረቤቴ ልጅ ሰሚራ መጣች። ሰሚራ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለበረራ ቁጥጥር ሥራ አወዳድሯት ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት የደህንነት ማጣሪያው ብቻ ነው። አጠገቤ ተቀመጠችና ምስሩን አብራኝ መልቀም ጀመረች።

"እትዬ ዘሀራ፣ ውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ አሉ። ጅቡቲ ያለችውን አክስቴን ልናገር ወይስ ዝም ልበል?"

"ተናገሪ" አልኳት።

"ቢያስቀሩኝስ?"

"ቢያስቀሩሽም ተናገሪ።"

ሳላስብ እንዲህ ቶሎ መመለሴ ራሴንም ገረመኝ። ልጅቷ አመስግናኝ ሄደች። ምስሩ ግን ሳይለቀም አመሸ፤ እኔ በሐሳብ መርሳ ገብቼ ነበር።

መርሳ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ከወልድያ ተነስቶ በስሪንቃ በኩል ወደ ደሴ የሚወርደው ዋና መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ያን ጊዜ የከተማው ኑሮ ባመዛኙ በዚያ መንገድ ላይ ነበር። አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ። እናቴ ፋጡማ ከእነሱ አንዷ ነበረች። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ እኔንና ታላቅ እህቴን መዲናን ያሳደገችን በዚያ ንግድ ነው። ዛሬም የብርቱካን ልጣጭ በፀሐይ ሲግል የሚሰጠው ሽታ ከየትም አንስቶ እዚያ ያደርሰኛል።

መዲና ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ የሄደችው እኔ ገና ተማሪ እያለሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያው አገር ሰው አገባች። ደግ ሰው ነው ትለን ነበር፤ ወንድሙ ወታደር መሆኑንም ነግራናለች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል መዲና ደብዳቤ አትልክም፤ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ በሰው እጅ ትሰዳለች። ካሴቱ በደረሰ ሳምንት፣ አርብ ከሶላት በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ይሰበሰባል። መዲና ማንንም አትዘልም። ሽማግሌውን፣ አራሷን፣ ላሟ የጠፋባትን፣ በየስማቸው እየጠራች እንዴት ናችሁ ትላለች። ሰላምታው ብቻ የካሴቱን አንድ ገጽ ይጨርስ ነበር። ስሙ የተጠራ ሰው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቷ ያለች ይመስል "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ብሎ ለቴፑ ይመልሳል።

እኔ ቁጥር የምወድ ልጅ ነበርኩ። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ጎበዝ የሆኑ ወጣቶችን እንደሚፈልግ ሰማሁ። የመንግሥት ምስጢራዊ መልእክት ወደ ቁጥር ተቀይሮ የሚላክበት፣ የመጣውም የሚፈታበት ክፍል ነው። ፈተናውን ስሠራ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንቆቅልሽ ነበሩ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላውን ይጎትተዋል። ሰዓት አልቋል ሲሉን ምነው ትንሽ በቆየ አልኩ። አልፈሻል ተብዬ ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ዕድሜ ልኬን የምሠራውን ሥራ ያገኘሁ መሰለኝ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀኝ።

"እህቴ ጅዳ ናት" አልኩ።

"አግብታለች?"

"የዚያ አገር ሰው አግብታለች።"

"የባሏ ቤተሰብ ምን ይሠራል?"

"ወንድሙ ወታደር ነው። ማዕረጉን አላውቅም።"

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ፊቱም አልተለወጠም። "ጥሩ። ያደግሽበት አገር ሄዶ የሚያጣራ ሰው ይላካል" ብሎ አሰናበተኝ።

መርሳ ተመልሼ የሆነውን ለአያ እንድሪስ ነገርኳቸው። አያ እንድሪስ የአባቴ ጓደኛ፣ የብርቱካን አትክልት ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የሚያዩን እሳቸው ነበሩ። ዛፎቹ ሥር ቆመው ውኃ እየመሩ ነው ያዳመጡኝ።

"መዲናን ነገርሻቸው?" አሉኝ።

"ጠየቁኝ፣ አያ እንድሪስ።"

"ቢጠይቁሽስ፣ ልጄ። የለችም ብትይ ማን ጅዳ ድረስ ሄዶ ያያታል?"

"መዋሸት አልቻልኩም።"

መቆፈሪያቸውን አንስተው ቦዩን ወደ ሌላው ዛፍ መለሱ። "እንግዲህ አላህ ያውቃል" ብቻ አሉ። ነገሩን የተዉት መስሎኝ ነበር።

አጣሪው የመጡት በጥቅምት፣ ማሽላው እሸት በሆነበት ጊዜ ነው። መርሳ ያለችበት ሐብሩ ወረዳ በጥቅምት ሌላ አገር ናት። ክረምቱ የጠገበው መሬት ገና አልደረቀም፤ ማሳው ሁሉ ሰው የሚውጥ ማሽላ ነው፤ ከየጓሮው የተጠበሰ እሸት ሽታ ይመጣል። አቶ ታደሰ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከተማውን ዞሩ። ቀበሌ ሄዱ፣ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሰው አነጋገሩ። በሦስተኛው ቀን እኛ ቤት መጡ።

እናቴ ፓፓያ ቆርጣ፣ እሸት ጠብሳ አቀረበች። አያ እንድሪስም ቀድመው ደርሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤተ ዘመድ ነኝና መኖር አለብኝ ብለው ነው። በኋላ እንደተረዳሁት እሳቸው ከዚያ ቀን በፊት ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረው፣ ማንም ቢጠይቃችሁ መዲና የምትባል አናውቅም በሉ ብለው አስማምተው ነበር። እናቴንም በወንድምነት ለምነዋታል። እሷ እሺም እምቢም አላለቻቸውም።

አቶ ታደሰ ስለ አባቴ ጠየቁ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁ። ከዚያ እሸቱን እየፈለፈሉ፣ ወሬ በሚመስል ድምፅ፣ "እትዬ ፋጡማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?" አሉ።

አያ እንድሪስ ሳል ያዛቸው። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"አምስት ወለድኩ" አለች። "ሦስቱን አላህ በሕፃንነታቸው ወሰዳቸው። ሁለት አሉኝ። አንዷ ይቺ ናት። አንዷ ጅዳ ናት፤ መዲና ትባላለች።"

አያ እንድሪስ አቀርቅረው መሬቱን በበትራቸው መጫር ጀመሩ። እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች። "አያ እንድሪስ፣ ይቅር ይበሉኝ። የቀበርኳቸው ይበቁኛል። በሕይወት ያለችውን የለችም የምልበት አፍ አጣሁ።"

አቶ ታደሰ እንዴት እንደምንገናኝ ጠየቁ። እናቴ ተነስታ ቴፑንና የመጨረሻውን ካሴት አመጣች። "መስማት ይፈልጋሉ?" አለች። ሰውየው እያመነቱ ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

የመዲና ድምፅ ቤቱን ሞላው። እንደ ልማዷ ሰላምታውን ጀመረች። የሻይ ቤቱን ባለቤት ጠራች። የቀበሌውን ዘበኛ ጠራች። የድሮ አስተማሪዋን ጠራች። "አያ እንድሪስ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ብርቱካኑ ዘንድሮ ያዘ ወይ?" ስትል ሽማግሌው በትራቸውን አስቀመጡና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳያስቡት "አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ይዟል" ብለው ለቴፑ መለሱ። ወዲያው ያሉት ገባቸውና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አቶ ታደሰ እሸቱን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እየሳቁ መሆኑን አወቅኩ።

አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ፣ "በሄድኩበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገሩኝ" አሉኝ። "ዘሀራ ጨዋ ልጅ ናት፤ መዲና የምትባል አናውቅም። እኔ የመዲናን ስም ገና አልጠራሁም ነበር።"

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። "እኔን ለመርዳት ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ እርዳታ ነው ሰውን የሚጎዳው። እህት ውጭ አገር መኖሯ ወንጀል አይደለም። የተደበቀች እህት ግን፣ ደባቂዋን ለማስፈራራት ለሚፈልግ ሰው ትመቻለች። አንቺ ቀድመሽ ባትናገሪ ኖሮ ያንቺ ጉዳይ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።"

ሸንኮራ የጫነ መኪና እስኪያልፍ ዳር ይዘን ቆምን። አቧራው ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክፍሉ ውስጥ ገብተሻል እንበል። ማንም የማያውቀውን ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ሰው መጥቶ፣ እህትሽ እጃችን ላይ ናት፤ እንዲህ ያለውን መልእክት አሳይን ቢልሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ለአለቃዬ እናገራለሁ ማለት ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገና አሁን ድምፅዋን ሰምቼ መውጣቴ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

"አላውቅም" አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ "እህቴን የማስቀድም ይመስለኛል" አልኩ።

"እኔ ወሳኝ አይደለሁም" አሉ አቶ ታደሰ። "ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሰፈሩ ስለሚወድሽ እንደዋሸልሽ እጽፋለሁ። አንቺና እናትሽ እንዳልዋሻችሁ እጽፋለሁ። አሁን ያልሽኝንም እጽፋለሁ።"

"እሱንም?"

"እሱንም።"

የደሴው አውቶቡስ መጣ። ከአንዲት ነጋዴ ብርቱካን ገዝተው ተሳፈሩ፤ በመስኮት እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቀላል ሰው አይደሉም፤ ክፉም አልነበሩም። ብጠላቸው ይቀለኝ ነበር።

ውጤቱን በታኅሣሥ ወልድያ ተጠርቼ ሰማሁ። ለዚያ ክፍል አልሆንሽም፤ በስምሽ ላይ ግን ምንም ነገር አልተመዘገበም፤ ሌላ የመንግሥት ሥራ መወዳደር ትችያለሽ አሉኝ። ስመለስ ስሪንቃ እስክንደርስ አላለቀስኩም። እዚያ ስንደርስ ግን አልቻልኩም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምን ሆንሽ ሳይሉ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በአቶ ታደሰ፣ በራሴ፣ አንዳንዴ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ በመዲና። ያገሯን ሰው አግብታ ቢሆን ኖሮስ እያልኩ በሆዴ እጠይቅ ነበር።

ያ ንዴት ሳይበርድ ሌላ ነገር መጣ። የመዲና ካሴት መምጣቱ ቀረ።

መጀመሪያ የምትልክበት ሰው አጥታ ይሆናል አልን። ከዚያ ከጅዳ የመጣ ሰው ሁሉ ስንጠይቀው ደህና ናት ይለናል፤ የያዘው ነገር ግን የለም። በጋው አለፈ። እናቴ አውቶቡስ ሲቆም እንደ ድሮ አትሮጥም። ሰፌዷን ይዛ ትቆምና ከሚወርዱት ሰዎች ትልልቅ ሻንጣ የያዙትን ታያለች፤ ከዐረብ አገር የመጡ ከሆኑ ብላ ነው። አርብ አርብ ጎረቤቶቹ በልማድ ብቅ ይላሉ፤ ቴፑ ዝም እንዳለ ያዩና ሌላ ወሬ አንስተው ይሄዳሉ። እናቴ ምግብ ቀነሰች። ብርቱካን እንኳ ስልጥላት ይዛው ትረሳዋለች።

አንድ ቀን አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። "አያ እንድሪስ፣ ስለ መዲና የሚያውቁት ነገር አለ?" አልኳቸው።

ዛፍ ተደግፈው ቁጭ አሉ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ሰውየው የሄደ ሰሞን በሰው እጅ ካሴት ላክሁላት። ልጄ መዲና፣ ያንቺ ነገር የዘሀራን እንጀራ እየዘጋ ነው፤ ነገሩ እስኪያልፍ ድምፅሽን አጥፊ አልኳት።"

"ሥራው እኮ ቀረ፣ አያ እንድሪስ። ታኅሣሥ ላይ ቀርቷል።"

"ሌላ ጊዜ ትወዳደሪ ይሆናል ብዬ ነው። እሷ ዝም ካለች ይረሱታል ብዬ ነው።" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። አባቴን አጥበው የከፈኑ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ቦዩ ሞልቶ መፍሰስ እስኪጀምር ሁለታችንም አልተነሳንም።

በማግስቱ፣ በውድነቱ ደውለንበት የማናውቀውን የመዲናን ስልክ ቁጥር ጽፌ፣ እናቴን ይዤ ወልድያ ስልክ ቤት ሄድኩ። ያን ጊዜ ውጭ አገር ለመደወል ቁጥሩን ለሠራተኛዋ ሰጥቶ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስም እስኪጠራ መጠበቅ ነው። እናቴ የበዓል ልብሷን ለብሳለች። ስንጠራ ሁለታችን በአንዲቷ ጠባብ ክፍል ተጣብበን ገባን። መጀመሪያ አንድ ሕፃን አነሳው፤ በዐረብኛ አንድ ነገር ብሎ እናቱን ጠራ። የእህቴን ልጅ ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ማን ነው?" አለች መዲና።

"ዘሀራ ነኝ።"

በሹክሹክታ፣ "ለምን ደወልሽ? ይሰሙሻል" አለችኝ።

"ይስሙ።"

"ሥራሽስ?"

"ሥራው ቀርቷል። ድሮ ነው የቀረው።"

"በኔ ምክንያት ነው።" ማልቀስ ጀመረች። "ወላሂ ዘሀራ፣ ስምሽን እንኳ ለሰው አልጠራም ነበር፤ እንዳይጎዳሽ ብዬ።"

"በአንቺ አይደለም" አልኳት። ይሄን ስል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔም እንደማላምንበት ተሰማኝ፤ ስናገረው ግን እውነት ሆነ። "ሰውየው ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔ መለስኩ። መልሱ የራሴ ነው። ማንም አላስገደደኝም። አሁን ካሴት ላኪ፤ እማ እህል መብላት ትታለች።"

እናቴ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደች። ስንት ወር የጠበቀችው ነገር ነው፤ ብዙ የምትናገር መስሎኝ ነበር። በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ፣ "መዲና፣ ምሳ በልተሻል?" አለቻት። ከዚያ በላይ አልቻለችም። ከወዲያ ያለችውም የመለሰችላት አንድ ቃል ብቻ ይመስለኛል። ደቂቃው አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ እንደዚያ ቆሙ።

ከስልክ ቤቱ ወጥተን መናኸሪያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ገባን። እናቴ ሽሮ አዘዘች፤ እንጀራም አስጨመረች። በሚቀጥለው ወር ካሴት መጣ። አርብ ቤቱ ሞላ። አያ እንድሪስ ሊመጡ አፍረው ነበር፤ እናቴ ራሷ ሄዳ አምጥታቸዋለች። ሰላምታው ሲጀመር መዲና ከሁሉ አስቀድማ የጠራችው እሳቸውን ነው።

እኔ በሚቀጥለው መስከረም ወልድያ የሒሳብ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ያንኑ ሠራሁ። እናቴም አያ እንድሪስም ዛሬ የሉም። መዲና ግን አለች፤ አያት ሆናለች። በስልክ ፊቷን እያየሁ አወራታለሁ፤ አማርኛዋ ዐረብኛ ገብቶበት የልጅ ልጆቿ ይስቁባታል።

ስለዚያ ክፍል የማስበው ከዕድሜዬ ጋር ተለውጧል። በወጣትነቴ የተበደልኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። አንድን መልእክት ከእናትም ከእህትም አስቀድሞ የሚጠብቅ ሰው ለአገር ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ከእነሱ አንዷ አለመሆኔን ግን ክፍሉ ገብቼ፣ ያ ክፉ ቀን መጥቶ ከማውቀው ይልቅ፣ በዚያ አቧራማ መንገድ ዳር ቆሜ ማወቄ ይሻላል። አቶ ታደሰ ለአገራቸውም ለእኔም የሚበጀውን ነው የጻፉት። ያን ለመቀበል ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንዳንድ ቀን፣ ተማሪዎቼ ከባድ ጥያቄ ፈትተው ፊታቸው ሲበራ ሳይ፣ ያ የፈተና ወረቀት ትዝ ይለኝ ነበር።

ሰሚራ ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ስለ አክስቷ እንደምትናገር ነግራኛለች። የሚወስኑላትን አላውቅም፤ እሷ ከእኔ የተለየች ሰው ናት፤ የጅቡቲው ነገርም እንደ ጅዳው ላይሆን ይችላል። ሚኒባስ ድረስ ሸኝቻት ስንለያይ፣ የባሰ ነገር ቢጠይቁኝ ምን ልበል አለችኝ። ብዙ ምክር ነበረኝ። አንዱንም አልሰጠኋትም። "ሲጠይቁሽ ታውቂዋለሽ" ብዬ ሳምኳት።